ድንገት ተናካሽ የሆነ ውሻ፦ ከፍርድ በፊት ምርመራ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂላችን ከውሻ የምንጠብቀውን በአጭሩ ይነግረናል። ውሻ ለጌታው ታማኝ፣ ለባዕድ ቁጡ እንዲሆን እንፈልጋለን። በመሆኑም የግቢ ጠባቂ ውሻ ቁጡነት እንደ ሙያ እንጂ እንደ ነውር አይቆጠርም። ይኸው ውሻ አንድ ቀን የሚያበላውን እጅ ሲነክስ ግን ሁለት ፍርዶች ብቻ ይቀርባሉ፤ ወይ «አብዷል»፣ ወይ «ከፍቷል»። የሁለቱም መጨረሻ ብዙውን ጊዜ ዱላ ወይም መርዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ድንገተኛ ተናካሽነት የባሕርይ ጉድለት ከመባሉ በፊት የሕመም ምልክት ሆኖ መመርመር አለበት የሚል ነው።

በእኛ አገር ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ አያከራክርም። በሽታው በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በሰው ከሚከሰተውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ይሁን እንጂ የበሽታው ስም ራሱ ያሳስተናል። «እብድ» የሚለው ቃል በዓይነ ኅሊናችን የሚሥለው የሚሮጥ፣ ያገኘውን የሚነክስ፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ነው። ሽባ የሚያደርገው የበሽታው ሌላ ገጽታ ግን ጸጥተኛ ነው። የውሻው መንጋጋ ይወድቃል፣ መዋጥ ይሳነዋል፣ ድምፁም ይለወጣል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። እንግዲህ የተቆጣ ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፤ በሽታው ያለበትም ሁሉ አይቆጣም።

ውሻውን ወዲያው መግደል ለተነከሰው ሰው ጥንቃቄ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የሚገድለው ማስረጃውን ጭምር ነው። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ስለሆነም በነከሰበት ዕለት ቫይረሱን በምራቁ ይዞ የነበረ ውሻ በ10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ውሻ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው እስከዚያ ድረስ መጠበቅ የለበትም፤ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብ፣ ሕክምናውም ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት። የክትትሉ ውጤት የሚጠቅመው የተጀመረው ሕክምና ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ለመወሰን ነው። ውሻው ከሞተ ደግሞ ማረጋገጫው የሚገኘው ከአንጎሉ ናሙና ነው። በድንጋይ ወይም በዱላ የተፈጠፈጠ ጭንቅላት ለዚህ እምብዛም አይረባም።

ውሻው አሥሩን ቀን በጤና ካለፈስ? ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ በእኔ እምነት ግን ሁለተኛው ጥያቄ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ከሌሎቹ መንስኤዎች ቀዳሚው ሥቃይ ነው። የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የበሰበሰ ጥርስ፣ ያመረቀዘ ጆሮ ወይም ማንም ያላየው ስብራት ያለበት ውሻ፣ ሲነኩት ወይም ከተኛበት ሲያስነሡት ሊናከስ ይችላል። ዓይኑ ወይም ጆሮው የደከመ ውሻ ሳያስበው ሲቀርቡት ይደነብራል። በዕድሜ የገፋ ውሻ የአንጎል ዕጢ ወይም ከእርጅና የሚመጣ የአእምሮ መዳከም ሊኖርበት ይችላል። ጉበቱ የታመመ ውሻ ደሙ ከአሞኒያ ስለማይጠራ፣ በተለይ ከበላ በኋላ፣ ግራ መጋባትና የጠባይ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። የሚጥል በሽታና ዲስቴምፐርም በአንጎል በኩል ተመሳሳይ መልክ ይይዛሉ። የታይሮይድ እጢ መድከም ግን ብዙ ጊዜ ቢጠቀስም ማስረጃው አሁንም አከራካሪ ነው፤ ይህን እንደ ተረጋገጠ ምክንያት ማስተማር ተገቢ አይመስለኝም።

የሰው ሐኪም ቤት ባልተሟላበት አገር የውሻ ጥርስ መመርመር ቅንጦት አይሆንም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለውጡ መቼ ጀመረ? የሚናከሰው በማን ላይ፣ በምን ሰዓት፣ የትኛውን አካሉን ሲነኩት ነው? ያነክሳል? ሲያኝክ አንዱን ወገን ይሸሻል? እነዚህ ጥያቄዎች ጊዜና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይፈልጉም። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ክትትሉ ሳያልቅ ውሻው ከሩቅ ይታያል እንጂ አፉ አይከፈትም፤ መርማሪውም አስቀድሞ የመከላከያ ክትባት የወሰደ መሆን አለበት። ይህ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቻችን የትምህርቱ መግቢያ ሊሆን ይገባል።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይነሣል። የማኅበረሰቡን ዕውቀት፣ አመለካከትና ልማድ የሚለኩ መጠይቆች የለመድናቸው ናቸው፤ ጥቅማቸውም አይካድም። ነገር ግን ሰው ስለ ውሻ ምን እንደሚያስብ መጠየቅና ውሻው ራሱ ምን እንደነበረበት ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በአንድ ከተማ ለንክሻ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡትን ሰዎች መዝግቦ፣ የነከሷቸውን ውሾች እስከ አሥረኛው ቀን ተከታትሎ፣ በሕይወት የቀሩትን መርምሮ፣ የሞቱትን ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ የሚልክ ጥናት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የሚጠይቀው የጤና ጣቢያውና የእንስሳት ክሊኒኩ መዝገቦች እንዲነጋገሩ ነው።

በውሻ አማካይነት በሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርሰውን የሰው ሞት በ2030 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለማስቀረት ዓለም አቀፍ ግብ ተቀምጧል። ወደዚያ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ለዚህ ደግሞ ባለቤቶች ውሻቸውን ይዘው ወደ ሐኪም መምጣት አለባቸው። የተናከሰ ውሻ መጨረሻው ሞት ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ ባለቤት ንክሻውን ይደብቃል። ምርመራ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ግን ይናገራል፤ ያ ንግግር የተነከሰውን ልጅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።