መሣሪያ መግዛት ብቻውን ላብራቶሪ አያደርግም

ደብረ ታቦር ገበያ እህል ይዞ የወጣ አርሶ አደር ሚዛኑን ሳያይ ጤፉን አያስረክብም። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ይመለከታል፤ ከተጠራጠረ ደግሞ ሌላ ሚዛን ላይ ያስደግማል። የማሳው አፈር ወይም የመስኖ ውኃው ላብራቶሪ ገብቶ ሲመረመር ግን ነገሩ ይለያል። ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ የለካው መሣሪያ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያይበት መንገድ የለውም። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በላብራቶሪውና ላብራቶሪውን በሚመራው መሥሪያ ቤት ላይ ይወድቃል።

በአፈርና ውኃ ላብራቶሪ ውስጥ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ነው። ባለሙያዎቹ ኢሲ ሜትር ይሉታል። አሠራሩን ለመረዳት አያስቸግርም። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም አነስተኛ ነው። ጨውና ሌሎች ማዕድናት በሟሙበት ቁጥር ግን አቅሙ ይጨምራል። መሣሪያው ውኃው ውስጥ በሚነከሩ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ይህን ለክቶ በውኃው ወይም በአፈሩ ውስጥ ያለውን የጨው መጠን ይጠቁማል። ዋጋው ከትልልቆቹ የላብራቶሪ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በዚህም ምክንያት አተካከሉና እንክብካቤው ችላ ሲባል ብዙም አያነጋግርም። ሊያነጋግር ግን ይገባል።

በደጋው አካባቢ “የእኛ መሬት ችግር አሲድ ነው እንጂ ጨው አይደለም፤ ታዲያ ኢሲ ሜትር ምን ያደርግልናል?” የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። በእርግጥ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በጉና ተራራ ዙሪያ የሚጥለው ብርቱ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ መሬቱ ወደ አሲዳማነት ያደላል። መፍትሔውም ኖራ ነው። ይሁን እንጂ ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ምርመራ ራሱ በንጹሕ ውኃ ላይ የቆመ ነው። አፈሩ የሚበጠበጠው፣ ኬሚካሉ የሚዘጋጀው፣ ብርጭቆው የሚለቀለቀው በዲስቲልድ ውኃ ነው። ውኃ ማጣሪያው ቢበላሽ ወይም ጀሪካኑ ቢቆሽሽ ውኃው ለዓይን ያው ጥርት ያለ ነው። ጉድለቱን በደቂቃ ውስጥ የሚያጋልጠው ኢሲ ሜትሩ ነው። ጥሩ ዲስቲልድ ውኃ በሴንቲ ሜትር ጥቂት ማይክሮሲመንስ ብቻ ሲያሳይ፣ የቧንቧ ውኃ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መሣሪያው በደጋው ላብራቶሪ የሌሎቹ ምርመራዎች ሁሉ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከተኛ የኖራው ስሌትም ያጠራጥራል።

ወደ ቆላማው ክፍል ሲወረድ ደግሞ መሣሪያው በቀጥታ ለሥራው ይፈለጋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ አርሶ አደሩ ወንዙንና የከርሰ ምድር ውኃውን በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል፤ የበጋ ስንዴም ይዘራል። የርብ ግድብም ለዚሁ ለመስኖ ተብሎ የተገነባ ነው። ከደጋ የሚወርደው የወንዝ ውኃ ጥሩ ቢሆንም የሜዳው አፈር ውኃ የሚይዝ ከባድ ጥቁር አፈር ነው። ማፋሰሻ በሌለበት ከባድ አፈር ላይ ከዓመት ዓመት ውኃ ሲጠጣ ምን ሊከተል እንደሚችል አገራችን ከአዋሽ ሸለቆ ተምራለች። በአፋር ክልል በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች በቂ ማፋሰሻ ባለመኖሩ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ እየወጣ፣ ጨውንም ይዞ እየመጣ፣ ሰፊ መሬት ከምርት ውጪ ሆኗል። ፎገራ አሚባራ አይደለም፤ ዝናቡም አፈሩም ይለያል። ነገር ግን ሁለቱን እኩል የሚያደርጋቸው አንድ ነገር አለ። ጨው ሲጀምር አይታይም። ነጭ ሆኖ መሬት ላይ በወጣ ጊዜ ምርቱ ቀድሞ ቀንሷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ሽንኩርት ለጨው ስስ ከሆኑ ሰብሎች አንዱ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት በውኃ ከጠገበ የአፈር ጭቃ የተጨመቀው ፈሳሽ በሜትር 1.2 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ የሽንኩርት ምርት መቀነስ ይጀምራል። ለቲማቲም ይኸው መጠን 2.5፣ ለሩዝ 3.0፣ ለስንዴ 6.0 ነው። ለመስኖ ውኃ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት መመሪያ ከ0.7 በታች የሆነውን ያለ ገደብ፣ ከ0.7 እስከ 3.0 ያለውን በጥንቃቄ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በብርቱ ገደብ ይጠቀሙበት ይላል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው። መሣሪያው ትንሽ ቢሳሳት ምክሩ ይገለበጣል።

ስህተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት የደብረ ታቦርን ብርድ ማሰብ ይበቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር ሁለት በመቶ ያህል ይቀንሳል። ውጤቶች የሚነጻጸሩት ደግሞ በ25 ዲግሪ ነው። በ25 ዲግሪ 0.8 ዴሲሲመንስ የሆነ የጉድጓድ ውኃ ጠዋት ክፍሉ ሳይሞቅ በ15 ዲግሪ ቢለካ፣ መሣሪያው የሙቀት ማስተካከያው ካልተከፈተ 0.64 ገደማ ያሳያል። በጥንቃቄ መጠጣት የነበረበት ውኃ ያለ ገደብ የሚጠጣ ተብሎ ይጻፋል። ያው ውኃ ሞቅ ባለችው ወረታ ከሰዓት በኋላ ቢለካ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። አርሶ አደሩ ሁለት ወረቀት ይዞ የትኛውን ይመን? መሣሪያው አልተሰበረም፤ ባለሙያውም አልዋሸም። የጎደለው ሲተከል ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው።

ኢሲ ሜትር ሲተከል መታየት ያለባቸው ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከውኃ ማፍያው እንፋሎት የራቀ መሆን አለበት። ከምድጃና ከዲስቲልድ ውኃ ማምረቻው ጋር አንድ ሶኬት መጋራት የለበትም፤ የመሬት ሽቦ ያለው የራሱ ሶኬትና የኃይል ማረጋጊያ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ተነቅሎ፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ ቢከፈት ዕድሜው ይረዝማል። በኤሌክትሮዱ ላይ የተጻፈው የሴል ቁጥር መሣሪያው ውስጥ መግባቱ፣ የሙቀት ማስተካከያው በ25 ዲግሪ መደረጉና ንባቡ በማይክሮሲመንስ ይሁን በሚሊሲመንስ መታወቁ በመጀመሪያው ቀን መረጋገጥ አለበት። 1 ዴሲሲመንስ በሜትር ማለት 1 ሺህ ማይክሮሲመንስ በሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሃዱ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ቢተላለፍ ስህተቱ በሺህ እጥፍ ነው።

እንክብካቤውም የዕለት ልማድ እንጂ ልዩ ጥበብ አይደለም። ኤሌክትሮዱ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊትና በኋላ በዲስቲልድ ውኃ ይለቅለቅ። የአፈር ጭቃው ሳይረጋ ወይም ሳይጣራ አይነከርበት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይዝ ቀስ ተብሎ ይነቅነቅ። ጥቁር ፕላቲኒየም የተቀባ ኤሌክትሮድ በጨርቅም በብሩሽም አይፈተግ፤ ቅቡ ከተነሳ ትክክለኛ ንባብ አይገኝበትም። ኖራ መሰል ነገር ከጋገረበት አምራቹ በመመሪያው በሚፈቅደው ቀጭን አሲድ ተነክሮ ይታጠብ። ሥራ ሲያበቃ አምራቹ ባዘዘው መንገድ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ከመሣሪያው በላይ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍ፣ ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ዕውቀቱ አብሮ አይሄድም።

ሚዛን በታወቀ ክብደት እንደሚፈተሽ ኢሲ ሜትርም አቅሙ በታወቀ ፈሳሽ ይፈተሻል። በሰፊው የሚሠራበት የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ሲሆን በ25 ዲግሪ 1 ሺህ 413 ማይክሮሲመንስ ማንበብ አለበት። “ፈሳሹ አልቋል፤ ግዥ ጠይቀን እየጠበቅን ነው” ብሎ ለወራት ሳይፈትሹ መለካት ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። በምድጃ የደረቀ ንጹሕ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.7456 ግራም በትክክለኛ ሚዛን ተመዝኖ በጥሩ ዲስቲልድ ውኃ ቢሟሟና መጠኑ 1 ሊትር እንዲሞላ ቢደረግ ፈሳሹ ይገኛል። ይህን ለማድረግ ትክክለኛ ሚዛንና የኬሚስትሪ ባለሙያ ብቻ ያስፈልጋል። ዞኑ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ በደብረ ታቦር አለው። የዞኑ ግብርና መምሪያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተስማምቶ ፈሳሹ በየወሩ ተዘጋጅቶ ቀን ተጽፎበት ለሚያስፈልጋቸው ሁሉ ቢከፋፈል፣ በአንድ በኩል ላብራቶሪው ይረዳል፤ በሌላ በኩል ተማሪው በተግባር ይማራል።

የችግሩ ሥር ያለው ግን በጀት አያያዝ ላይ ነው። መሣሪያ የሚገዛው በካፒታል በጀት ወይም በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ግዥው ይፈጸማል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ በሪፖርት ይጻፋል። ጥገናው፣ መለዋወጫ ኤሌክትሮዱና ማስተካከያ ፈሳሹ ግን የመደበኛ በጀት ጉዳይ ናቸው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እነርሱን የሚጠይቅ አይገኝም። “በጀት የለም፤ ሲበላሽ አዲስ እንገዛለን” የሚለው አስተሳሰብ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን መሣሪያው ከመቆሙ በፊት ለወራት የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ የቆየበት ኪሳራ በየትኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይወጣም። የሚወጣው በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ነው፤ በማዳበሪያው፣ በነዳጁና በሽንኩርት ዘሩ ወጪ። ቆሞ የሚታይ መሣሪያ ቢያንስ ማንንም አያሳስትም።

የወረዳና የዞን አመራሮች ሊያደርጉት የሚችሉት ግልጽ ነው። የግዥ ውሉ ተከላን፣ ሥልጠናን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ማስተካከያ ፈሳሽና አንድ መለዋወጫ ኤሌክትሮድ አብሮ ይያዝ። ለመሣሪያው በስም የተጻፈ ተጠሪና እርሱ በሌለበት የሚተካው ሌላ ባለሙያ ይመደብ። የፍተሻ መዝገብ ይከፈት፤ ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ የማስተካከያ ፈሳሹ ንባብና የፈተሸው ሰው ፊርማ ይስፈሩበት። ሱፐርቪዥን የሚወጣ አመራርም ስንት ናሙና ተመረመረ ብሎ ከመጠየቁ በፊት መዝገቡን ይክፈት። ስንት ናሙና የሚለው ቁጥር ለሪፖርት ያምራል፤ መዝገቡ ግን ቁጥሩ እውነት መሆኑን ይናገራል።

ሌላው መስተካከል ያለበት ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው የውጤት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አሃዱ፣ የተለካበት ሙቀት፣ አፈሩ ከውኃ ጋር የተቀላቀለበት መጠንና መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸበት ቀን ሊሰፍር ይገባል። አንድ አፈር አምስት እጥፍ ውኃ ተጨምሮበት ሲለካና ጭቃው ብቻ ተጨምቆ ሲለካ የሚሰጠው ቁጥር አንድ አይደለምና፤ ዘዴው ካልተጻፈ 1.2 የሚለው የሽንኩርት መመዘኛ ትርጉም ያጣል። የቀበሌ ግብርና ልማት ሠራተኛው ይህን አንብቦ ለአርሶ አደሩ ማስረዳት ከቻለ ምክሩ ይታመናል።

በ2004 ዓ.ም የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የአገሪቱን የማዳበሪያ ምክረ ሐሳብ ከጥቅል ወደ አካባቢ ተኮር አሻግሯል። ያ ሥራ የተመሠረተው ከማሳ በተወሰደ አፈርና በላብራቶሪ በተለካ ቁጥር ላይ ነው። ቀጣዩ እርምጃ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ማሳ የሚስማማ ምክር፣ የሚሳካው በየደረጃው ያለው ልኬት ከታመነ ብቻ ነው። አርሶ አደሩ ከማሳው አራት ጥግ አፈር ቆፍሮ፣ በፌስታል ቋጥሮ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ የሚያመጣው መልስ ያገኛል ተብሎ ነው። ናሙናውን ሲያስረክብም መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ ይጠይቅ። ጥያቄውን እንደ ድፍረት ሳይቆጥር መዝገቡን ገልጦ የሚያሳየው ላብራቶሪ ስሙን ያገኘ ላብራቶሪ ነው።