«በማር ነው፣ ስኳር የለውም»

መስከረም ጠብቶ ብርዱ ግን ባልለቀቀበት በዚህ ሰሞን ፌስቡኩም ቲክቶኩም ብስኩት በብስኩት ሆኗል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ አንዳንዱም ኮረሪማ ጨምሮ እቤት የሚጋገር። ደስ ይላል። እኔን የማያስደስተኝ ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ነው፦ «ለስኳር ታማሚ ተስማሚ፣ ስኳር ያወርዳል»።

አርቦዬ ያየኋቸው አንድ አባት ከአእምሮዬ አልወጡም (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ)። ስልሳን ያለፉ ናቸው፤ ሜትፎርሚን እየወሰዱ ለዓመታት ስኳራቸው ደህና ነበር። የዚያን ቀን ምግብ ሳይበሉ የተለካው 287 ሆነ። ውሃ ጥሙ አላስቀምጥ ብሏቸዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ሲመላለሱ ያድራሉ። «አባባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ስላቸው ዝም ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። እማማ ከዘንቢላቸው የፕላስቲክ ዕቃ አወጡ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው የላከችው የቀረፋ ብስኩት ነው። «በስልክ አይታ ነው። በማር ነው፣ ስኳር የለውም፤ ቀረፋው ደግሞ ያወርደዋል አለችን» አሉኝ። እንክብሉን ከተዉት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለእኔም አንድ ሰጡኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ይጣፍጣል።

ልጅቷ ክፉ አላሰበችም። ጥፋቱ ግማሹ የእኛ የሐኪሞች ነው ብዬ አምናለሁ። «ጣፋጭ ይተዉ» ብለን እንሸኛለን፤ ታማሚው የሚሰማው ስኳር፣ ለስላሳና ኬክ ነው። ዱቄቱ ራሱ ሆድ ገብቶ ስኳር እንደሚሆን የምንነግረው ስንቶቻችን ነን? ወረፋው ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ጩኮውን ማንም «ጣፋጭ» አይለውም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። 250 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ 185 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። ማር ደግሞ ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ 100 ግራም ብትጨምሩ 80 ግራም ስኳር ጨመራችሁ ማለት ነው። ከዚህ 20 ብስኩት ቢወጣ አንዱ 13 ግራም ይይዛል፤ ከአንድ ስስ ቁራጭ ዳቦ ብዙም አይተናነስም። ከሻይ ጋር አምስት መብላት ደግሞ ማንም አያቅተውም። (በነገራችን ላይ ማር ያለበትን ነገር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ።)

ቀረፋስ? አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ስኳርን በመጠኑ ሲቀንስ አሳይተዋል፣ ሌሎቹ ምንም አላገኙም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ለሕክምና እንዲውል አይመክርም። ብስኩት ውስጥ የሚገባው ቁንጥር አይጎዳችሁም፣ አያድናችሁምም። በየቀኑ በማንኪያ እየዛቁ መቃም ግን ሌላ ነው፤ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ካሲያ የሚባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

ስለዚህ አትጋግሩ እያልኩ አይደለም። ዱቄቱን ግማሹን የገብስ አድርጉት፤ የገብስ ፋይበር ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ይረዳል። ማሩን በግማሽ ቀንሱ፣ ቀረፋና ኮረሪማውን ጨመር አድርጉ፤ ምላስ ይታለላል። ትንንሽ አድርጋችሁ ጋግሩ፣ ሁለት ብሉ፣ እሱም በዳቦው ፈንታ እንጂ በዳቦው ላይ አይደለም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ዘላችሁ በብስኩት አትዋሉ። ስኳር ወርዶባችሁ ላብ ላብ ሲላችሁና እጃችሁ ሲንቀጠቀጥም ብስኩት አትፈልጉ፤ ቅቤው ያዘገየዋል። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ።

አባባ እንክብላቸውን ያኑ ቀን ጀመሩ። ልጅቷን በስልክ አገናኙኝ፤ ደንግጣ «ዶክተር፣ ከእንግዲህ ብስኩቱ ይቅር?» አለችኝ። ላኪላቸው፣ ግን በየጠዋቱ እየደወልሽ መጀመሪያ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ጠይቂ አልኳት።

እናንተም ቪዲዮ አይታችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ምንም ሳትበሉ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተለኩ። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም መፍዘዝ ካለ ግን ነገን አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሂዱ።