«ሞኝ ናት» ማለት ይብቃን

አንዲት እህታችን በስልክ ተታልላ ገንዘቧን ስታጣ ቀድሞ የሚሰማው ወሬ «ምን ዓይነት ሞኝ ብትሆን ነው ኮዱን የሰጠችው?» የሚል ነው። ይሄ ወሬ አንገሽግሾኛል። ሌባውን የሚያግዝ ወሬ ነው።

ሌባው ስልካችንን ሰብሮ አይገባም። የሚገባው በፍርሃታችን፣ በጥድፊያችንና በእምነታችን በኩል ነው። ሳዑዲ ያለችውን «ከጀዋዛት ነው የምደውለው፤ ኢቃማሽ ሊዘጋ ነው፤ የመጣልሽን ቁጥር አሁኑኑ ንገሪኝ» ይላታል። ፓስፖርቷ በማዳም እጅ ያለ፣ ፖሊስ ሲባል ልቧ የሚርድ ሴት ይህን ስትሰማ በየት በኩል ታስብ? የተማረም ሰው ቢሆን ሲደነግጥ አያመዛዝንም። ሌባው «አሁኑኑ» የሚለውም ለዚሁ ነው፤ አሥር ደቂቃ ከሰጠን እንደምንነቃበት ያውቃል።

ሌላው በወዳጅ ስም ይመጣል። የጓደኛሽን ዋትስአፕ ቀድሞ ወስዶ፣ በእሷ ፎቶ «የኔ ቆንጆ፣ 6 አኃዝ ያለው ኮድ በስህተት ወደ አንቺ ልኬያለሁ፣ መልሺልኝ» ብሎ ይጽፍልሻል። ኮዱ ግን የራስሽ ዋትስአፕ መክፈቻ ነው። ከሰጠሽው፣ ነገ በአንቺ ስም ለእህትሽ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኪልኝ» ይላታል። ወዳጅን ማመን ደግሞ ያደግንበት ነው፤ ሞኝነት አይደለም።

«ሞኝ» ስንላት ምን ይከተላል? ቀጣይዋ ስትታለል አፍራ ዝም ትላለች። እሷ ዝም ስትል ሌባው ሌሎቻችንን ለመዝረፍ ጊዜ ያገኛል። ቶሎ ብትናገር ግን ባንኳ ካርዱን ይዘጋላታል፣ ዘመዶቿ ይጠነቀቃሉ፣ ዋትስአፑንም በቁጥሯ እንደገና ገብታ ለማስመለስ ትሞክራለች።

«ተጠንቀቁ» ማለት ብቻም አይበቃም። በድንጋጤ ሰዓት የሚያድነን ቀድመን የቆረጥነው ነገር ነው። ኮድ ለማንም፣ ለእናትም ቢሆን፣ አይነገርም። «አሁኑኑ» ያለን ሁሉ ስልክ ይዘጋበት፤ ከዚያ በምናውቀው ቁጥር ራሳችን ደውለን እናጣራ። ብር የጠየቀ ወዳጅም ሳንደውልለት አይላክለት። ዋትስአፕ ሴቲንግ ገብተን፣ አካውንት የሚለው ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዛሬውኑ እንክፈተው። የምታውቅ ለማታውቀው ታሳያት።

የተታለለች እህትሽ ስትደውልልሽም መጀመሪያ «እንኳን ነገርሽኝ» በያት። ምክሩ ኋላ ይደርሳል።