ውሻውን አትግደሉት!

ሰሞኑን የጎረቤቴን ትንሽ ልጅ የገዛ ውሻቸው ነከሰው። ስደርስ እናትየው ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ልትነሰንስ፣ አባትየው ውሻውን ሊገድል ዱላ ይዞ። «ኧረ ተዉ!» አልኩኝ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበን ጤና ጣቢያ በረርን። ክትባት ተጀመረለት።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ውሻውን ግን አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉት፤ ጤነኛ ሆኖ ከሰነበተ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ከገደላችሁት በምን ታውቃላችሁ?

«የእኛ ውሻ ከግቢ አይወጣም» ይሉኛል። የሰፈሩ ውሻ በአጥር ሥር ሲገባስ? በየዓመቱ አስከትቡት። ሳይቃጠል በቅጠል!