ወደ እናት ቤት በብስክሌት

እናቴ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አውቶቡስ አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ አውሮፕላንም አለ። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በጥቅምት፣ ይህንን መንገድ ብቻዬን በብስክሌት ልሄደው ተነሥቻለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ግራ ይጋባል። እናቴም በስልክ «ልጄ፣ የትራንስፖርት ብር አጥተህ ነው? ልላክልህ?» ብላኛለች።

አልፈርድባቸውም። ብስክሌት በብዙዎቻችን ዘንድ የልጅ መጫወቻ ነው፤ አዋቂ ከያዘው ደግሞ የችግር ምልክት ይሆናል። ይህች አገር ግን ለብስክሌት ባዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በሐዋሳና በባሕር ዳር ጎዳናዎች ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ዘመዱን ለመጠየቅ በብስክሌት ቢሄድ ነውሩ አይታየኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው አደጋውን ብቻውን አይሸከምም። መንገድ ላይ ቢወድቅ ሥራውን ጥሎ የሚበርረው ወንድሙ ነው። ስልኩ ባይነሣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋው እናቱ ናት። ስለዚህ ዝግጅቱ የራሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለሚጠብቁት ሰዎች ያለበት ዕዳ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለብስክሌተኛ የተነገረ ይመስለኛል።

ዝግጅት ከመንገዱ ይጀምራል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለብስክሌት ዝግ ነው፤ መሆንም አለበት። የሚቀረው ነባሩ መንገድ ነው፦ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በቆቃና በመቂ በኩል ባቱ፣ ከዚያም በላንጋኖና በአርሲ ነጌሌ አልፎ ሻሸመኔ፣ በመጨረሻም ሐዋሳ። እቅዴ አንዱን ሌሊት ሞጆ፣ ሌላውን ባቱ ማደር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ። እስከ ባቱ ያለው በጥቅሉ ቁልቁለት ነውና ጀማሪን ያታልላል፤ ነፋሱ ፊቱን እየዳበሰው በጉልበቱ የሄደ ይመስለዋል። ፈተናው የተቀመጠው በስተመጨረሻ ነው። ከላንጋኖ ተነሥቶ አርሲ ነጌሌ ለመድረስ 400 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለ፤ ያውም እግር በዛለበት፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት። ስለዚህ ልምምዴን ሜዳ ላይ አላደርገውም። በሰንበት ማለዳ፣ የምሄድበትን ጭነት በሙሉ ጭኜ፣ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። ባዶ ብስክሌት የሚነዳና የተጫነ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የተጫነው ሲታጠፍ ይከብዳል፣ ሲቆምም ፍሬኑ ቀድሞ መያዝ አለበት።

ቀጥሎ ጎማ። ከመቂ እስከ ላንጋኖ ያለው ሜዳ የግራር አገር ነው፤ እሾሁም መንገድ ዳር ይወድቃል። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ጎማ ግን ከተማ እስኪደረስ ጠብቆ አይፈነዳም። ስለዚህ ሰፈራችን ካለው ብስክሌት ጠጋኝ ወጣት ዘንድ ማታ ማታ እማራለሁ። የውስጡን ጎማ ያወጣና ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ የተበሳው ቦታ አረፋ እየተፋ ራሱን ያጋልጣል። ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል። የብዙ ሰው ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እስኪጠነክር ጥቂት ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ልጣፊ ብዙ ሳይቆይ ይነሣል። ከመግጠሙ በፊት ደግሞ የውጭውን ጎማ ውስጡን ዙሪያውን በጣት መዳሰስ ይገባል፤ የወጋው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል። ይህን ሁሉ እንደጨረስሁ ልጁ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ዓይንዎን ጨፍነው ይሥሩት» ይለኛል። ልክ ነው፤ መሽቶ መብራት በሌለበት ቦታ እጅ ብቻውን ሥራውን ማወቅ አለበት።

የምይዘው መለዋወጫም ልኩ ታስቦበት ነው። ብስክሌቴ 26 ኢንች ጎማ ያለው ነው፤ በየከተማው ገበያ በብዛት የሚገኘው ይኸው ነውና። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ልጣፊ፣ የሰንሰለት ቁራጭ፣ የፍሬን ገመድ፣ ካቻቪቴ፣ ለብሎኖቹ የሚሆን ቁልፍ። ጀርባ ላይ ምንም አይታዘልም፤ ጭነቱ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ፣ እኩል ተከፍሎ ይታሰራል።

ስንቅን በተመለከተ አያቶቻችን ጨርሰውልናል። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውኃ ካለ ምግብ ነው። ጭኮ ደግሞ ቅቤው ጉልበት ይሰጣል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ችግር የሚመጣው ከውኃ በኩል ነው። በላብ የሚወጣው ጨውም ጭምር ነውና ንጹሕ ውኃ ብቻ መጋት አይበቃም። ለተቅማጥ ሕመምተኛ የሚበጠበጠው መጠን፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለሞቃት ቀንም ይጠቅማል። ሌላም አለ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ በአብዛኛው ወባማ ሲሆን ወባ የምትበረታው ከክረምቱ ማግሥት ነው፤ ጥቅምት ደግሞ መሐሏ ነው። ስለዚህ ከቦርሳዬ አጎበር አይጠፋም።

ሰዓቱም ታስቧል። ብርሃን ያለን ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከንጋቱ ጋር ተነሥቶ እስከ እኩለ ቀን የቀኑን መንገድ አብዛኛውን መጨረስ፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ መያዝ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ማደሪያ መግባት። በጨለማ ሲኖትራክና አይሱዙ በሚርመሰመሱበት መንገድ ዳር ብስክሌት መንዳት የሚያስመሰግን ጀግንነት የለውም። ያለመብራትና ያለ አንጸባራቂ ሰደርያም ከግቢ አልወጣም።

ሰዎችን በሚመለከት ደግሞ አንድ እምነት አለኝ። ብስክሌተኛ በመንደር ሲያልፍ ልጆች ይከተላሉ፤ ድንጋይ የሚወረውርም አይጠፋም። ፍጥነት ጨምሮ ማምለጥ ልጆቹን ይበልጥ ያነሣሣል። ቀስ ማለት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት፣ በቋንቋቸው «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብዙውን ያበርደዋል። አብዛኛው መንገዴ በኦሮሚያ ስለሚያልፍ ከሰላምታም አልፎ ውኃና ማደሪያ የምጠይቅበትን ያህል አፋን ኦሮሞ እየተማርሁ ነው። በሰው አገር መንገድ ሲያልፉ በሰው አፍ ሰላም ማለት ከምግባር ሁሉ ይቀድማል።

ከሁሉ በላይ ጸጥታው። ይህን ሳያነሡ ስለ ረጅም መንገድ መጻፍ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ሐቀኝነት አይሆንም። በመንገዱ በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችን፣ በየከተማው ያሉ ዘመዶችን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ያውም በየማለዳው። ወሬው ካላማረ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መቀጠል ወይም ጉዞውን ማስተላለፍ ነው። «እንግዲህ ተነሥቻለሁ» ብሎ መግፋት እናትን በልጇ ነፍስ ማስያዝ ነው።

ከእናቴና ከወንድሜ ጋር የገባነው ውልም ይህንኑ ይመስላል። ከየከተማው ስደርስ እደውላለሁ። ማታ 12 ሰዓት አልፎ ካልደወልሁ ወንድሜ የማድርበትን ቦታ ስልክ ይዟል። የደሜ ዓይነት፣ የቤተሰብ ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር፣ 907፣ በወረቀት ተጽፎ አንዱ ኪሴ፣ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ይሆናል፤ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅምና። እናት ቤት ባዶ እጅ አይገባምና ስጦታም አስቤያለሁ። ቡና ወደ ሲዳማ አይወሰድም፤ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ነጠላ ግን ክብደት የለውም፣ ተጣጥፎ ጥግ ይይዛል፣ እናቴንም ደስ ያሰኛታል።

በከተማችን የብስክሌት መስመር እየተሠራ ነው፤ የሚነዱ ወጣቶችም እየበዙ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ብዙ ልጆች ለእናት ለአባታቸው «በብስክሌት እመጣለሁ» ማለታቸው አይቀርም። ለወላጆች የምለው አንድ ነው፤ ገና ሲያነሣው አትከልክሉት። የት የት ታድራለህ፣ ጎማህ ቢፈነዳ ራስህ ትጠግናለህ ወይ፣ መንገዱ ቢበላሽ ምን አስበሃል፣ ባትደውል ማንን እንጠይቅ በሉት። መልስ ካለው መርቃችሁ ሸኙት። ከሌለው እስኪኖረው ድረስ አቆዩት።