የተከራይን በር ብቻ የሚያንኳኳ ሕግ

በመኖሪያ ቤት ውስጥ ትምባሆ ማጨስን ሕግ ይከልክል ወይስ አይከልክል የሚለው ክርክር በሁለት ወገን የተከፈለ ቢመስልም፣ የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ሳይመረምሩ የሚቀበሉት አንድ የጋራ መነሻ አላቸው፤ ይኸውም ጉዳዩ የኪራይ ጉዳይ ነው የሚለው ነው። የክልከላው ደጋፊ ቤቱ የተከራዩ ንብረት ስላልሆነ አከራዩ፣ ወይም አከራዩ መንግሥት ሲሆን መንግሥት፣ ሊከለክል ይችላል ይላል፤ ተቃዋሚው ደግሞ ሰው ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ በሩን ዘግቶ የሚያደርገው ነገር ማንንም አይመለከትም ብሎ ይመልሳል። አንዱ በባለቤትነት፣ ሌላው በውል ይከራከራሉ፤ ጭሱ ግን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር የቤቱን ካርታ ማን እንደያዘ አይለይም። የዚህ ጽሑፍ ትችት የሚያነጣጥረው ክልከላው ላይ ሳይሆን፣ ክልከላውን በተከራይ ላይ ብቻ በሚጥለው በዚህ መነሻ ላይ ነው።

የአስተሳሰቡ ትልቁ ማሳያ የአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በ2016 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ የሕዝብ ቤቶች በሚባሉት፣ ማለትም መንግሥት እየደጎመ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በሚያከራያቸው ሕንፃዎች ውስጥ ሲጋራ፣ ፒፓም ሆነ ሺሻ እንዳይጨስ ይከለክላል። ክልከላው በመኖሪያ ክፍልና በጋራ መተላለፊያ ሳይወሰን ከሕንፃው ውጭ እስከ 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ይዘልቃል። ከ3,000 በላይ የሚሆኑ የአካባቢ የቤት አስተዳደሮች እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) የበጋ አጋማሽ ድረስ ደንቡን እንዲፈጽሙ የታዘዙ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ስሌት መሠረት ክልከላው በሕክምና፣ በቤት እድሳትና በእሳት አደጋ ይወጣ ከነበረው ወጪ በዓመት 153 ሚሊዮን ዶላር ያድናል። የአጫሾችን መብት የሚያስጠብቅ አንድ ማኅበር ደንቡ የግል ሕይወትን ይደፍራል ብሎ በፌዴራል ፍርድ ቤት ቢከራከርም ክሱ ውድቅ ሆኗል።

ደንቡ የተመሠረተበት ሳይንስ የሚነቀፍ አይደለም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል፣ ማለትም የመንግሥቱ ዋና የሕዝብ ጤና ኃላፊ፣ ሪፖርት ደባል አጫሽነት፣ ሰው ራሱ ሳያጨስ ሌላው ያጨሰውን ጭስ መሳቡ፣ ከጉዳት ነፃ የሚባል መጠን እንደሌለው አረጋግጧል፤ አጫሹን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለብቻው ማድረግም ሆነ የአየር ማስወጫ መትከል ጉዳቱን ሊያስቀረው እንደማይችልም አስረድቷል። ምክንያቱ የሕንፃው አሠራር ነው። ከትምባሆ ጭስ ውስጥ አብዛኞቹ ቅንጣቶች ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያነሱ በመሆናቸው በሶኬት ቀዳዳ፣ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ በሚያልፍበት ክፍተት፣ በበር ሥርና በአሳንሰር ጉድጓድ በኩል በቀላሉ ያልፋሉ፤ ሞቃት አየር ደግሞ በደረጃው ቤት በኩል ወደ ላይ ስለሚሳብ የታችኛው ፎቅ አጫሽ ለላይኛው ፎቅ ነዋሪ ጭሱን ይልክለታል። አጫሹ ቤቱን ለቆ ከሄደ በኋላ እንኳ በግድግዳ ቀለም፣ በምንጣፍና በመጋረጃ ላይ የተጣበቀው ኒኮቲን ለወራት እየተነነ ይቆያል፤ ተመራማሪዎች ይህንን ሦስተኛ እጅ ጭስ ይሉታል። ስለዚህ ሰው በገዛ ቤቱ የሚያደርገው ነገር የግሉ ነው የሚለው መከራከሪያ፣ በግቢ ውስጥ ለብቻው ለቆመ ቤት ሊሠራ ቢችልም፣ ግድግዳና ወለል ለሚጋሩ ቤቶች አይሠራም።

ደንቡ ግን ይህን ሳይንስ ይዞ ሳይንሱ ወደማይመራው ድምዳሜ ሄዷል። ሳንባን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ቢሆን ኖሮ መለኪያው ግድግዳ መጋራት ይሆን ነበር፤ የተመረጠው መለኪያ ግን ነዋሪው የመንግሥት ተከራይ መሆኑ ነው። የመንግሥትን የኪራይ ድጎማ ወረቀት ይዞ ከግል አከራይ የተከራየ ቤተሰብ በደንቡ አልተካተተም፤ በዚያው ከተማ በውድ ሕንፃ ውስጥ ቤት ገዝቶ ለጎረቤቱ ጭስ የሚልክ ሰውማ ጨርሶ አልተነሣም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ ባወጣበት ቦታ ሁኔታ የማስቀመጥ መብት አለው የሚል ነው። መልሱ ሲመዘን ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ ያው መንግሥት በባንክ ብድር ቤት ለገዙ ዜጎች ለብድሩ ወለድ የግብር ቅናሽ ሲሰጥ ኖሯል፣ ሆኖም ቅናሹን የሚያገኘውን ባለቤት ሲጋራህን አጥፋ ያለው የለም። ድጎማ ለድሃ ሲሰጥ መቆጣጠሪያ፣ ለባለጠጋ ሲሰጥ መብት መሆኑ በጤና ሳይንስ የሚገለጽ ነገር አይደለም።

ከዚህ የከፋው የቅጣቱ ዓይነት ነው። ክልከላው የተጻፈው በኪራይ ውሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ደጋግሞ የጣሰ ነዋሪ ውል እንዳፈረሰ ተቆጥሮ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ አስተዳደሮቹ በማስጠንቀቂያ እንዲጀምሩና ማጨስ ለማቆም የሚረዳ ምክር እንዲሰጡ ቢያበረታታም፣ የመጨረሻውን እርምጃ ለየአስተዳደሩ ትቶታል። በኒኮቲን ሱስ የተያዘ፣ በከዘራ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ አዛውንት በበረዶ ወቅት ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲያጨስ፣ አለዚያ ቤት አልባ እንዲሆን ማስገደድ ጤናን ከመጠበቅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ቤት አልባነት ራሱ በሽታ አምጪ ነውና።

የተሻለ መንገድ መኖሩን ያሳየችው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ የምትገኘው ቤልሞንት የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። በጡረተኞች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የጎረቤት ጭስ ያስቸገራቸው አረጋውያን ባቀረቡት አቤቱታ የተነሣ፣ የከተማዋ ምክር ቤት በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ ወለል ወይም ጣሪያ በሚጋሩ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል፣ ነዋሪው ተከራይ ይሁን ባለቤት አልጠየቀም። የኪራይ ውሎች የሚስተካከሉበት ጊዜ እንዲገኝም ሕጉን ከአንድ ዓመት በላይ አቆይቶ ሥራ ላይ አውሎታል። ሳን ራፋኤል የተባለችው ሌላዋ የካሊፎርኒያ ከተማም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባለቤቱንና ተከራዩን በአንድ ዓይን የሚያይ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች በግቢ አጥር ተለያይቶ ይኖር የነበረውን ሰው በአንድ የብሎኬት ግድግዳ ግራና ቀኝ አስቀምጠውታል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ፣ ሕዝብ በሚገለገልበት ዝግ ስፍራና በሕዝብ ማጓጓዣ ማጨስን ከልክሎ፣ ከእነዚህ ስፍራዎች በርና መስኮት በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም እንዳይጨስ ደንግጓል፤ የመኖሪያ ክፍልን ግን አልነካም። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ በኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ያለው ሱቅ መስኮት በ10 ሜትር ክልል ሲጠበቅ፣ ከሱቁ በላይ ሕፃን የተኛበት ክፍል መስኮት ከጎረቤት በረንዳ ከሚመጣ ጭስ በዚህ አዋጅ ምንም ጠባቂ የለውም።

እዚህ ላይ በአገር ልማድ የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ ጭስ የሚከለከል ከሆነ የቡና ስርዓቱ እጣንና የከሰሉ ምድጃስ ይከለከላል ወይ የሚል ነው። ተቃውሞው ጭስ ግድግዳ እንደሚሻገር አስቀድሞ ያመነ መሆኑ ቢታወቅም፣ መልስ ይገባዋል። የእጣንና የከሰል ጭስ ጉዳት የለውም ማለት ሐሰት ነው፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው እንደሚገድል የታወቀ ነው። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት፣ ማለትም የንብረቱ ባለቤት፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ሲከለክል፣ ልኩ የሚመዘነው የአካባቢው ልማድ ግምት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አክሎ ይናገራል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራበት፣ እጣኑም ለሁሉም የሚጤስበት አገር በእጣንና በሲጋራ መካከል ለመለየት ዳኛ አይቸገርም። ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ይህ አንቀጽ ግዴታውን የጣለው በተከራይ ላይ ሳይሆን በባለሀብቱ ላይ መሆኑ ነው።

የአሜሪካውን ደንብ እንዳለ ለመገልበጥ የሚያስብ ሕግ አርቃቂ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ አደጋም አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብና ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በማድረግ አከራይ ተከራዩን እንዳሻው የሚያስወጣበትን በር አጥብቧል። ኪራይ ለመጨመር ሲል ተከራዩን ለማስወጣት ምክንያት የሚፈልግ አከራይ በውሉ ውስጥ የማጨስ ክልከላ ቢሰጠው፣ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይዞ የተዘጋውን በር ይከፍትበታል።

ስለዚህ መከልከል ይገባል፤ የሚከለከለው ግን ግድግዳ፣ ወለል ወይም ጣሪያ በሚጋራ ቤት ሁሉ ማጨስ እንጂ ተከራይቶ ማጨስ መሆን የለበትም፤ ቅጣቱም በገንዘብና በምክር ተወስኖ ከቤት ማስወጣትን በግልጽ ማስቀረት አለበት። ሕግ አውጪው እስኪያደርገው ድረስ የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ማኅበራት ይህንኑ በመተዳደሪያ ደንባቸው ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ሲያስገቡትም በመጀመሪያ ራሳቸውን ባለቤቶቹን ሊገዙበት ይገባል።