ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ቤታችን ውሻ

ልጆች ሆይ፤ በዓለም ሁሉ ቢፈልጉት የማይገኝ፤ በአገራችን በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር አንድ አውሬ አለ፤ ስሙም ቀይ ቀበሮ ይባላል። ጠጕሩ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ጕሮሮውና የደረቱ ሥር ነጭ፤ የጅራቱ ጫፍ ጥቍር ነው። እግሩ ረዘም ያለ፤ አፉ ሹል፤ ቁመናውም እንደ መካከለኛ ውሻ ነው። ማደሪያው ከደጋ በላይ ባለው በውርጭ አገር፤ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፤ ጓሳና ጅብራ በሚበቅልበት ሜዳ ነው። በዚያ አገር ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ግን ጕድጓድ ሳይገባ በሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፤ ጅራቱን በአፍንጫው ላይ ጥሎ ያድራል።

ዛሬ በምድር ላይ የቀሩት፤ አድገው ለመውለድ የደረሱት ቀይ ቀበሮች ከ500 ያንሳሉ። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሰልፍ ቢቆሙ በቍጥር ይበልጧቸዋል። ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ የቀሩት በአርሲ፤ በሰሜን ተራሮች፤ በወሎና በመንዝ ጓሳ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተበታትነዋል። በጎጃም በጮቄ ተራራም ቀድሞ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በዚያ አንድ እንኳ አልቀረም።

ስለ ዱር አራዊት ለልጆች የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አራዊትን ውደዱ ብለው ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ እኔ ግን ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ጎረቤታችሁ ታሞ ተኝቶ ሳለ በአጥር ላይ ሆናችሁ እንወድሃለን ብትሉትና ውሃ ባታቀብሉት ፍቅራችሁ ምን ይረባዋል? ቀይ ቀበሮም ከእኛ የሚፈልገው ፍቅርን ብቻ አይደለም፤ ውሾቻችንን እንድንከለክልለት ነው። ይህን ነገር የሚሰማ ሰው ቀበሮና ውሻን ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል፤ ስለዚህ አስቀድሜ የቀበሮውን ኑሮ ልንገራችሁ።

ቀይ ቀበሮ ከዘመዶቹ ጋራ በማኅበር ይኖራል። ሲነጋ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርሳቸው እየተሻሹ፤ አፍ ላፍ እየተላላሱ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ከዚያም የግዛታቸውን ድንበር አብረው ዞረው ይመለከታሉ። ለአደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይሄዳል፤ አይጥ ለመያዝ ጓደኛ አያስፈልግምና። በማኅበሩ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ብቻ ናት፤ ልጆቿን የሚያሳድጓቸው ግን ሁሉም ናቸው። አንዱ በጕድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ሌላው በሆዱ ይዞ የመጣውን ሥጋ እያስመለሰ ይመግባቸዋል። አንዳንድ የሰው ቤት እንኳ ይህን ያህል አይስማማም።

ይህ አውሬ ግን ያለ ጥፋቱ ክፉ ስም ወጥቶለታል። በተረት ውስጥ ቀበሮ ሲነሣ ተንኰለኛና ሌባ ሆኖ ነውና፤ ቀይ ቀበሮንም ያዩት ሰዎች በግ ሊሰርቅ የመጣ ይመስላቸዋል። በባሌ ተራሮች ዐይነ ምድሩን ሰብስበው የመረመሩ ሊቃውንት ግን ከሚበላው ሁሉ ከመቶው ዘጠና ስድስት ያህሉ አይጥና ፍልፈል ሆኖ አገኙት። ግልገል በግ አይነካም ለማለት አይቻልም፤ አንዳንድ ጊዜ ይነካል፤ ነገር ግን ይህ ከስንት አንድ ነው። በባሌ ያሉ ኦሮሞዎች ከብቶች ሲሰማሩ አብሮ ሲሄድ፤ የምታምጠውንም ፈረስ ሲከተል ስላዩት ጀዳላ ፈርዳ ብለው ጠሩት፤ ይኸውም የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ውርንጭላዋን ሊበላ አይደለም የሚከተላት፤ ከወለደች በኋላ የሚወድቀውን የእንግዴ ልጅ ሊለቅም ነው እንጂ።

በመንዝ ጓሳ የታየው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በብዙ መቶ ሆነው ሳር ሲግጡ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይመላለሳል። እነርሱም አይሸሹትም፤ እርሱም ሕፃናቸውን አይነካም። ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካለታል፤ በዝንጀሮዎቹ መካከል ሲያድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። ሕፃን ዝንጀሮ ነጥቆ ቢበላ የአንድ ቀን ምሳ ባገኘ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ግን ከዚያ ወዲያ ባላስጠጉት ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰላማዊ አውሬ የሚጨርሰው ማነው? ብዙ ሰዎች አዳኝ በጠመንጃ የጨረሰው ይመስላቸዋል። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ ይልቅ ያሳነሱት ግን በሽታና ሞፈር ናቸው። በሽታውም ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ከሁሉም የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ የተባለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እረኛው በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ውሻውም ይከተለዋል። ውሻው ያልተከተበና የታመመ እንደ ሆነ ቀበሮን ያገኛል፤ ይነክሰዋል። የተነከሰውም ቀበሮ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። ማልደው ተሰብስበው እንደሚላላሱ ነግሬአችሁ ነበር፤ እንግዲህ መዋደዳቸው ራሱ መጥፊያቸው ይሆናል። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው፤ ከአንዱ ማኅበር ወደ ጎረቤቱ ማኅበር ይሻገራል።

በ1996 ዓ.ም. በባሌ በወይብ ሸለቆ ይህ በሽታ ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮች ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል አለቁ። ከሸለቆው ወደ ሌላው ሜዳ የሚያሳልፍ አንድ ጠባብ መንገድ ነበረና፤ የእንስሳት ሐኪሞችና የፓርኩ ሠራተኞች በሽታው በዚያ ሳያልፍ ሊቀድሙት ተጣደፉ። በመተላለፊያውና በአካባቢው ያሉትን 70 ያህል ቀበሮች በወጥመድ እየያዙ ከተቡና ለቀቋቸው። በዚህም የቀሩት ዳኑ። ነገር ግን በሽታው በ2001 ዓ.ም. እንደ ገና ተመልሶ መጣ፤ ውሾቻችን ባሉበት ናቸውና። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ እየሸሸጉ ቀበሮቹ በሚገኙበት ስፍራ በሌሊት ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ቀበሮውም ሥጋውን ሲበላ ሳያውቅ ይከተባል።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሐኪሙ በብርድ ሌሊት ተራራ ለተራራ ሲንከራተት፤ ውሻው በበራችን ላይ ተኝቶ መዋሉ ነው። ቀበሮን ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ውሻችንን ግን በስሙ ብንጠራው ጅራቱን እየቈላ ይመጣል።

ስለ ቀበሮ አይገደንም የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ ይህን ይስማ። ያው በሽታ ሰውን ይገድላል፤ ከሰውም ይልቅ ልጆችን ያገኛል፤ ልጆች ከውሻ ጋራ መጫወት ይወዳሉና። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መዳን አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓመት ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ዛሬ በፈረንሳይ ውስጥ በሚገኘው በአልዛስ አገር ያበደ ውሻ ብዙ ቦታ ነከሰው። እናቱም ፓስተር ወደሚባለው ሊቅ ወደ ፓሪስ ከተማ ወሰደችው። ፓስተር ያን መድኃኒት በውሾች ላይ ሞክሮት ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ይዞ አያውቅም ነበርና እጅግ ፈራ፤ ሆኖም ለብዙ ቀናት ደጋግሞ አስወጋው። ልጁም ዳነ፤ ካደገም በኋላ በፓስተር ስም በተሠራው የምርምር ቤት በር ጠባቂ ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ ውሻ የነከሳችሁ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ቍጣ ፈርታችሁ ነገሩን ለወላጆቻችሁ አትደብቁ። የታወቀ የጎረቤት ውሻ ነው ብላችሁም አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቅጠል ብቻ ይድናል የሚላችሁን አትስሙት።

ስለ ሞፈር የምናገረው ጥቂት ነው። ገብስ የሚዘራው ሰው ቦታ ሲጠበው ወደ ላይ ወደ ውርጩ ይወጣል፤ ጓሳው ሲታረስ አይጡና ፍልፈሉ ይጠፋሉ፤ እነርሱ ሲጠፉ ቀበሮው የሚበላው ያጣል። ራብ ያስጨነቀውን ገበሬ በዚህ መውቀስ አይቻለኝም። ነገር ግን በመንዝ የነበሩ አባቶች መላ አግኝተውለት ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ሜዳ በሽማግሌዎች ሕግ ያስጠብቁ ነበር። ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ድረስ 3 ዓመትም 5 ዓመትም ይዘጉታል፤ ያን ጊዜ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው፤ ሕጉን የተላለፈም ይቀጣል። አባቶች የጠበቁት ሳሩን ነው እንጂ ቀበሮውን አስበው አልነበረም፤ ሳሩ ሲኖር ግን አይጡ ኖረ፤ አይጡ ሲኖር ቀበሮው ኖረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ብዙ ተጐዳ። የአገሩ ሰዎች ግን ቍጭት ገብቷቸው በኋላ በአዲስ ደንብ ተሰብስበው ማስጠበቅ ጀመሩ፤ ዛሬ መንዝ ጓሳ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ስፍራ ነው።

ወደ ውሻው ልመለስ። በተራራ አጠገብ የሚኖር አንድ ልጅ፤ ውሻችንን ብናስረው በጎቻችንን ማን ይጠብቅልናል ብሎ ቢጠይቀኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፦ ጅብ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚወጣው በቀን ነው። እንግዲህ ውሻው ማታ በበረቱ ዙሪያ ተፈትቶ ይደር፤ ቀን ግን በቤት ይዋል። ቀን በጎቹን እረኛው ራሱ ነቅቶ ይጠብቅ፤ በትሩን የያዘው ለዚሁ ነውና።

ደግሞም ውሻችሁን አብሉት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኛ ግን አብዛኞቻችን ጩኸቱን እንጂ መብሉን አናስብም። በቤቱ ያልበላ ውሻ ወደ ሜዳ ወጥቶ አይጥ ያድናል፤ የቀበሮውን ምግብ ይሻማል፤ በሽታውንም በዚያው ይሰጠዋል። ከማዕድ የተረፈ ቍራሽ እንጀራ ተነፍጎት ነው ይህ ሁሉ የሚደርሰው። የውሻ ክትባት የሚሰጥበት ቀን በመንደራችሁ ሲነገር አባታችሁን፤ አባባ፤ የእኛንም ውሻ እንውሰደው በሉት። እርሱ ሥራ ቢበዛበት በጠንካራ ገመድ አስራችሁ ከታላቅ ወንድማችሁ ጋራ እናንተው ውሰዱት። ሐኪሙ ሲወጋው አንገቱን እያሻሸ ስሙን የሚጠራው የሚያውቀው ሰው ካለ ውሻው ሊረጋጋ ይችላል።